በሩን ከመክፈትሽ በፊት

ጆሃንስበርግን ሠላሳ ዓመት አስተምሬያታለሁ። ከባሕር ወለል በላይ ያላትን ከፍታ፣ የወርቅ ማዕድኗን፣ ወንዝም ወደብም ሳይኖራት እንዴት እንደዚያ እንደገዘፈች ሻሸመኔ ውስጥ ካርታ ሰቅዬ በዘንግ እየነካሁ አሳይቻለሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሄጄ ስመለስ ግን ካስተማርኩት አንዱም አልጠቀመኝም። ይህን የምጽፈው እዚያ ለማትሄዱት ነው፤ በተለይ በየተራ እየመጡ «እስቲ ንገረን» ለሚሉኝ ጎረቤቶቼ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ።

የሄድኩበት ጉዳይ አንድ ነው። ታናሽ እህቴ አበራሽ አሥራ አራት ዓመት እዚያ ኖራ፣ ወረርሽኙ በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ በብርዳቸው ወራት ሞተች። ሰው ቤት ነበር የምትሠራው፤ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው አይሁዳዊት አሮጊት ትጦር ነበር። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ከቤተሰብ ማንም አልደረሰላትም። እናቴ ለቅሶ ከተቀመጠችበት ቀን ጀምሮ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «ስትሞት ማን አጠገቧ ነበር?» ትላለች። በስልክ የምንጠይቃቸው ሁሉ «ሆስፒታል ነው የሞተችው» ይሉናል። ሆስፒታል ደግሞ ሰው አይደለም። መንገዱ ሲከፈት እናቴ «ሂድና ጠይቀህ ና» አለችኝ፤ በሞተች በስምንተኛው ወር ሄድኩ።

ሐሙስ ተነሣሁ። የአፍንጫ ምርመራ ወረቀቴን ከፓስፖርቴ አስበልጬ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። እናቴ ዳቦ ቆሎና በሶ ቋጥራልኛለች፤ «ባዶ እጅህን የሰው ደጅ እንዳትረግጥ፤ ልጄን አሥራ አራት ዓመት ያኖረች ሴት ናት» ብላ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ የሚበዛው እሱ ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ ግራና ቀኜ ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተንፈላስሼ እሄድ ነበር፣ ያን ቀን ግን የሚያናግረኝ ሰው አማረኝ። አስተናጋጇን ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ ብላት ዶሮውን አንሥታ ሩዝና ካሮት አመጣችልኝ። ከማስኩ በላይ ዓይኖቿ የሳቁ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ ሰሞን ሳቅና ሐዘን መለየት ያስቸግር ነበር።

የተቀበለኝ ደሳለኝ ነው። የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ጴንጤ ነው፣ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ሱቅ አለው። አበራሽን ያስቀበራት እሱ ነው፤ እኔ የማውቀው ድምፁን ብቻ ነበር። ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋና ነገሩ ትዝ ሲለው መልሶ ሰበሰበው፤ በክርን ተነካካን። በክርን ለቅሶ ሲደረስ ያን ቀን አየሁ። መኪና ውስጥ ዝም ማለት ከብዶኝ «መቼም ድንገት ነው፣ ሲቀብሯትም ብዙ ሰው አልነበረም አሉ» እያልኩ አስረዳው ጀመር። ሲሰማኝ ቆይቶ «አዎ ጋሼ» አለኝ። ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ይኸው ነው።

ሱቁ ውስጥ ያለው እንደ እኛ አገር ሱቅ ዳቦ፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት ነው። ልዩነቱ ብረቱ ነው። ከጣሪያ እስከ ወለል ፍርግርግ ነው፤ ደንበኛው ውጭ ቆሞ እጁን በቀዳዳ ያስገባል። እኛ አገር የሚቆለፈው ዕቃው ነው፣ እዚያ የሚቆለፈው ባለሱቁ ነው። አንዲት ሕፃን መጥታ «ሳውቦና» ስትለው «ዬቦ ሲሲ» ብሎ ዳቦዋን በቀዳዳው ሰጣት፤ የዙሉ ሰላምታ ነው። ፀሐይ ገና ሳትገባ ከውስጥ በሦስት ቁልፍ ቆለፈው። «ሌባ ፈርተህ ነው?» አልኩት።

«ሌባም ይመጣል፣ የተቆጣ ሕዝብም ይመጣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ጋሼ» አለኝ።

ሚስቱንና ልጁን ስድስት ዓመት አላያቸውም። ልጁ በስልክ ቪዲዮ ፍርግርጉን አይታ «አባዬ፣ የታሰርከው ምን አጥፍተህ ነው?» እንዳለችው እየሳቀ ነገረኝ፤ እኔ አልሳቅሁም። ለራት ሽሮ ሠራልኝ፣ ለኔ ብሎ ቅቤ ሳያስገባበት። ከሱቁ ጀርባ፣ በዱቄት ከረጢቶች መሃል ተኛን።

ዓርብ ጠዋት መቃብሩ ቦታ ሄድን። የወረርሽኙ ሰዎች ያሉት ለብቻቸው ነው፤ ድንጋይ የላቸውም፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ቆርቆሮዎች ብቻ ተተክለዋል። ደሳለኝ መኪናውን ሊያቆም ቀረና ቁጥሩን ነግሮኝ ቀደምኩት። አገኘሁት፣ ተንበረከክሁ። አባቴ ሲሞት እንደዚያ አላለቀስኩም። የእናቴን መልእክት ነገርኳት፣ የአክስታችን ልጅ ማግባቷን ነገርኳት። እንዳትሄድ ስከለክላት የተናገርኳትን ክፉ ቃል አንሥቼ ይቅር በይኝ አልኳት። ይህን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በስልክ ማለት አቅቶኝ ነበር። ደሳለኝ መጥቶ ቆርቆሮውን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና ቆርቆሮውን አየ።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ይቺ አይደለችም። ሦስት ረድፍ ወደዚያ ነው።»

ወደ ትክክለኛው ወሰደኝ። ቆምኩ፤ እንባ እምቢ አለኝ። ያለኝን ሁሉ ለማላውቀው ሰው ጨርሼዋለሁ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። «ግድ የለም፣ ጎረቤቷ ነው፣ ያደርስልዎታል» አለኝ ደሳለኝ። ሲቀብሯት ሰባት ሆነው ከሩቅ እንደቆሙ፣ ያወረዷት ላስቲክ የለበሱ ሰዎች እንደነበሩ፣ ቄስ ፈልጎ እንዳላገኘና ራሱ እንደጸለየላት የነገረኝ እዚያው ነው። «ጴንጤ ጸለየላት ብለው እንዳይቀየሙኝ» አለኝ። ምን ብዬ እቀየመዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ አበራሽ ወደሠራችበት ቤት አደረሰኝ። ኦርቻርድስ የሚባል ሰፈር ነው፤ ዛፎቹ ከላይ ተጋጥመው መንገዱን ያለብሱታል፣ አጥሩ ሁሉ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን የለም። ሻሸመኔ ውስጥ እንደዚያ ያለ ጥላ ቢገኝ ሥሩ ሦስት ሊስትሮና አንድ ሎተሪ አዟሪ ይኖር ነበር። አሮጊቷ ሚስስ ሴልማ ይባላሉ፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ቋጠሮዬን በሁለት እጄ አቀረብኩ፣ ከገብስና ከስንዴ የተሠራ መሆኑንም በኩራት ተናገርኩ። እጃቸውን ዘርግተው ነበር፣ መለሱት።

«አይስጡኝ» አሉኝ። «እባክዎ፣ አይስጡኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በማግስቱ ማታ ፋሲካቸው ይገባል፣ ቂጣው የሚበላበት ስምንት ቀን። በእነዚያ ቀናት የቦካ ነገር፣ የስንዴና የገብስ ዘርም ከቂጣው በቀር፣ ቤታቸው አይገኝም። ያን ቀን ጠዋት ፍርፋሪ ሲለቅሙ ነው ያረፈዱት። ዘጸአትን አንብቤያለሁ፤ ግን ዕለቱን ማን ይንገረኝ። እናቴ ከእህል ዘር ሁሉ መርጣ ያንኑ የተከለከለውን አሸክማኝ መጥቻለሁ። «እስካልሰጡኝ ድረስ የእርስዎ ነው፣ የእርስዎ ከሆነ እኔ አልተላለፍኩም። ከስምንት ቀን በኋላ ይስጡኝ» አሉ። ከስምንት ቀን በኋላማ ሻሸመኔ ነኝ። በመጨረሻ ደሳለኝ ቋጠሮውን ሱቁ ሊያስቀምጥና በዘጠነኛው ቀን ሊያመጣላቸው ተስማማን። ሻይ አቀረቡልኝ፣ ያለወተት። «እርስዎም ጾም ላይ ነዎት። አቢም ሁልጊዜ በዚህ ሰሞን ትጾም ነበር» አሉ። አቢ የሚሏት አበራሽን ነው።

ጥያቄዬን ጠየቅኋቸው፦ ስትሞት ማን አጠገቧ ነበር? ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ነገ ማታ ይምጡ፣ እነግርዎታለሁ። ነገ ሃጋዳ ይነበባል» አሉኝ። ሃጋዳ ከግብፅ የመውጣታቸው ታሪክ በማዕድ ላይ የሚነበብበት መጽሐፍ ነው። ከማዕዱ ታናሽ የሆነው ያች ሌሊት ከሌሎች ሌሊቶች በምን እንደምትለይ አራት ጥያቄ ይጠይቃል፣ ከዚያ ይተረክለታል። መልሱን የማያውቅ የለም፤ ቢያውቁትም ይጠየቃል። «ብቻውን የሆነ ሰው ራሱን ይጠይቃል፣ ሕጉ ይህ ነው። እኔ ግን ራሴን መጠየቅ አልፈልግም» አሉ።

ቅዳሜ ቀኑ አልመሽ አለኝ። ከፍርግርጉ ኋላ ተቀምጬ ሰው እጁን ሲያስገባና ሲያወጣ ዋልኩ፤ ከእጅ በቀር የማይታይበት ቀን ነበር። ሲመሽ ደሳለኝ አደረሰኝና በሦስት ሰዓት መጥቼ እወስድዎታለሁ ብሎኝ ተመለሰ።

ሚስስ ሴልማ ነጭ ጨርቅ ባለበሱት ትልቅ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ለሁለት ሰው አቅርበዋል። ከመቀመጤ በፊት ነገሩኝ። «መጀመሪያ የታመምኩት እኔ ነኝ። ልጆቼ ከአውስትራሊያ ደውለው ነርስ እንቅጠርልሽ አሉኝ። እኔ ደግሞ አቢን አትሂጂብኝ አልኳት። ወደ ደሳለኝ ቤት መሄድ ትችል ነበር። በሰባተኛው ቀን እኔን ሲሻለኝ እሷ ወደቀች። አምቡላንሱ ሲመጣ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ የሰማሁት የበሩን ድምፅ ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ሰው አያስገባም ነበር። አጠገቧ ማን እንደነበረ አላውቅም፣ ሚስተር ተፈራ።»

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ይችን ለመስማት ነው አገር ያቋረጥኩት? ለእናቴስ ምን ይዤ እገባለሁ? ተነሥቼ ልሄድ ፈለግሁ። ግን ደሳለኝ የሚመጣው በሦስት ሰዓት ነው፣ የውጭው በር የሚከፈተው በሪሞት ነው፣ ሪሞቱም ያለው እሳቸው ጋ ነው። ሰው ተቀይሞ እንኳን መውጣት የማይችልበት ከተማ ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

እሳቸው ወጥ ቤት ገብተው ከማማሰያና ከፎጣ መሳቢያ ውስጥ አንድ መጽሐፍ አወጡና ፊቴ አኖሩት። «የእሷ ነው። እኔ አላነበውም» አሉኝ። ሃጋዳ ነው፤ ዳሩ በዘይት ወዝቷል። ገለጥኩት። በዕብራይስጡና በእንግሊዝኛው ዳር ዳር የእህቴ የእጅ ጽሑፍ አለ። ለእሷ መጽሐፉ የሥራ ዕቃ ነበር። «እዚህ ሲደርሱ ሾርባውን አሙቂ» ይላል አንዱ ገጽ። «እጅ ይታጠባሉ፣ ፎጣ አቅርቢ።» ሌላው ጋ፦ «መዝሙሩ ረጅም ነው፣ ተቀምጠሽ እግርሽን አሳርፊ።» የፊተኛው ገጽ ላይ የሳህን ቁጥር አለ፤ አሥራ አንድ ተሰርዞ ሰባት፣ ሰባት ተሰርዞ አራት። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በየዓመቱ ባሕር ሲሻገሩ ማለት ነው። ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ የወረርሽኙ ዓመት፦ «ዘንድሮ ሁለት። አንቺም ተቀመጪ አለችኝ። ታናሽ እኔ ነኝ።»

አገሩ ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ሰሞን፣ እሷና ሚስስ ሴልማ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወጥ ቤት ውስጥ ሲለማመዱ ነበር። አራቱን ጥያቄዎች በዕብራይስጥ እንዳሏት በእኛ ፊደል ከመስመሮቹ መሃል ጽፋቸዋለች፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ሁለት ነጥብ እያደረገች።

እኔ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ታናሽ ሆንኩ። ተቀይሜም ቢሆን አነበብኩ። የማላውቀውን ቋንቋ በእህቴ ፊደል አነበብኩት፣ እሷ ባሳረፈችበት እያረፍኩ። ሌሊትንና የግእዙን ኩሉን የሚመስሉ ቃሎች አልፎ አልፎ ዘመዴ ናችሁ ወይ ያሰኙኝ ነበር። ሚስስ ሴልማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፣ ከዚያ ባሪያዎች ስለነበሩበት ዘመን መተረክ ጀመሩ። ድንቹን በጨው ውሃ ነክረን በላን፤ ውሃው የእንባ ምሳሌ ነው። ቂጣው ጨው እንኳ የለውም። ከወይን ይልቅ ጭማቂ ቀዱልኝ። መራራ ተብሎ የቀረበው ሥር ከአፍንጫ አልፎ አናት ይወጣል፣ ዓርብ እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ መጣ። ሥሩ ነው አልኳቸው። ዕንቁላሉ ሲቀር በማዕዱ ላይ የበላነው ሁሉ የጾም ነበር።

ራት ሲደርስ ሾርባ አመጡ፤ ለእሳቸው ከትልቁ ድስት፣ ለኔ ከትንሽ ድስት። «ይቺ የአቢ የጾም ድስት ናት። ዶሮ ገብቶባት አያውቅም፤ ከሄደችም በኋላ ለሌላ አላደረግኋትም» አሉኝ። ካሮቱን የከተፉት ለኔ ብለው ነው። ሳህኑን ጥርግ አድርጌ በላሁት።

ከራት በኋላ ለነቢዩ ኤልያስ አንድ ጽዋ ይቀዳና በር ይከፈታል። «ሄደው ይክፈቱለት» አሉኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ገጹን ሳልገልጥ ሮጬ በሩን ከፈትኩት። ቤቱ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ጆሮዬን ይዤ ተመልሼ ገጹን ስገልጥ በእህቴ እጅ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፦ «በሩን ከመክፈትሽ በፊት አላርሙን አጥፊ።» ሚስስ ሴልማ ማጥፊያውን ቁጥር ረስተውታል። ሁልጊዜ የምታጠፋው እሷ ነበረች።

ብዙ ሳይቆይ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ የለበሰ የሰፈሩ ጥበቃ ደረሰ። እጁ ሽጉጡ ላይ ነው፣ ዓይኑ እኔ ላይ። «ጎጎ፣ ደህና ነዎት?» አለ፤ አያቴ ማለቱ ነው። ሚስስ ሴልማ «ደህና ነኝ ቴምባ። የአቢ ወንድም ነው» አሉት። እጁን ከሽጉጡ አንሥቶ ኮፍያውን አወለቀ። ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ።

«አምቡላንሱ የመጣ ቀን ተረኛው እኔ ነበርኩ። በእግሯ ነው የወጣችው፤ አልጋውን እምቢ አለች። ልደግፋት ስጠጋ ራቅ በል ወንድሜ፣ ይይዝሃል አለችኝ። የመኪናው በር ሊዘጋ ሲል ጠራችኝ። ምድጃውን ያጠፋሁት አይመስለኝም፣ ገብተህ እይልኝ፣ አሮጊቷ እንዳይቃጠሉ አለች። ገብቼ አየሁ፣ ጠፍቷል። ልነግራት ስወጣ መኪናው ሄዷል።»

ጩኸቱ በምን እንደቆመ አላስታውስም። ሚስስ ሴልማ ጠረጴዛውን ተደግፈው «ምድጃው ላይ የነበረው የእኔ ሾርባ ነው» አሉ፤ ይህን እስከዚያች ማታ አላወቁም ነበር። ቴምባ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ አልተቀመጠም፤ ቂጣ በናፕኪን ጠቅልለው ሰጡት፣ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋን መቆጣት አቃተኝ። ሞክሬ ነበር። በሩን ትንሽ ክፍት ትተን የቀረውን አነበብን።

እሑድ ጠዋት እሳቸው ቤት የቀረውን የአበራሽን ሻንጣ ልወስድ ተመልሼ ሄድኩ። መጽሐፉን ለእሳቸው ልተውላቸው አሰብኩ፤ አልተቀበሉኝም። «ፊደላችሁን አላውቅም፣ ለእናቷ ያንብቡላት» አሉ። በሩ ላይ ቆመው የሪሞቱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተሳስተው በሦስተኛው ከፈቱልኝ። ዞር ብዬ ሳይ ያን ሁሉ ቤት ከኋላቸው አድርገው ብቻቸውን ቆመዋል። አውሮፕላን ማረፊያ ደሳለኝ ክርኑን አላወጣም፤ አቀፈኝ፣ ለረጅም ጊዜ። ስድስት ዓመት ያቀፈው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሰኞ ማታ ቤት ገባሁ። እናቴ እግሬን እንኳ ሳልታጠብ ጠየቀችኝ። ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዲት ነርስ እጇን ይዛ ነበር ልል። አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። የማውቀውን እስከማውቅበት ነገርኳት። ከመጽሐፉም አነበብኩላት፣ የፎጣውን፣ የሾርባውን፣ «አንቺም ተቀመጪ አለችኝ» የሚለውን። ይህን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። በዘጠነኛው ቀን ደሳለኝ ደውሎ ዳቦ ቆሎውን እንዳደረሰና አሮጊቷ በሻይ እየበሉት እንደተዋቸው ነገረን።

እናቴ አሁንም ማታ ማታ ትጠይቀኛለች። ረስታ አይደለም፣ መልሱን ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች። እኔም ሰው በሞላበትም በሌለበትም ከመጀመሪያው እጀምርላታለሁ፤ ከታመሙት አሮጊት፣ ከትንሿ ድስት፣ በሩ ድረስ።

«ከበሩ በኋላስ?» ትለኛለች።

«ከበሩ በኋላ አላውቅም እማዬ።»

እሷም፦

«ምድጃውን ግን አስባለች» ትላለች።

«አስባለች» እላታለሁ።

«ጠፍቶ ነበር አላልከኝም?»

«ጠፍቶ ነበር።»

«እንግዲህ ማን ይንገራት» ትላለች።